በደረቅ ወቅት በአፈሙዝ በሚጎረስ ጠመንጃ ለሚያድኑ የተዘጋጀ የሰደድ እሳት መከላከያ መረጃ (ኮሎራዶ)

ይህ መረጃ በኮሎራዶ ግዛት በአፈሙዝ በሚጎረስ ጠመንጃ አጋዘንና ኤልክ ለማደን ፈቃድ ላላቸው ነዋሪዎች የተዘጋጀ ነው። የአደን ወቅት ተከፈተ ማለት የእሳት ገደብ ተነሣ ማለት አይደለም። ሁለቱ በተለያዩ ደንቦች የሚመሩ በመሆናቸው አዳኙ ሁለቱንም የማክበር ግዴታ አለበት።

አደጋው ለምን ከፍ ይላል?

ወቅቱ በሴፕቴምበር አጋማሽ ገደማ ለዘጠኝ ቀናት ይቆያል። ዝናብ ባጠረበት ዓመት ሣሩ ደርቆ ይገኛል፤ በረዶም ገና አልወረደም። ጠመንጃው ሲተኮስ ነበልባልና ትኩስ የባሩድ ቅሪት ከአፈሙዙ ይወጣል። ክብ እርሳስ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጎረሰ፣ ጨርቁ እየጨሰ ጥቂት ሜትሮች ርቆ ሊወድቅ ይችላል። የባሩዱ ጢስ እይታን ስለሚጋርድና አዳኙም እንስሳውን ለመከተል ስለሚቸኩል ፍሙ ሳይታይ ሊቀር ይችላል።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2020 በግራንድ ካውንቲ የተነሣው የኢስት ትረብልሰም ቃጠሎ 193,812 ኤከር መሬት አቃጥሏል፤ የሁለት ሰዎችን ሕይወትም ቀጥፏል። መርማሪዎች እሳቱን ያስነሣው ሰው መሆኑን፣ ይህም አዳኝ ወይም በዱር ያደረ ሰፋሪ ሊሆን እንደሚችል ገልጸዋል።

የእሳት ገደብ ደረጃዎች

• ደረጃ 1፦ የካምፕ እሳት የሚፈቀደው በተደራጁ የካምፕ ሥፍራዎች ባሉ ቋሚ ማንደጃዎች ብቻ ነው።
• ደረጃ 2፦ የእንጨትና የከሰል እሳት በማናቸውም ሥፍራ የተከለከለ ነው።
• ደረጃ 3፦ አካባቢው ለሕዝብ ይዘጋል። የአደን ፈቃድ መያዝ ወደ ተዘጋ መሬት ለመግባት አያስችልም።

ዝርዝሩ እንደ ካውንቲውና እንደ መሬቱ አስተዳዳሪ ይለያያል። ስለዚህ ከመነሣትዎ በፊት የካውንቲውን የሸሪፍ ጽሕፈት ቤትና መሬቱን የሚያስተዳድረውን መሥሪያ ቤት ይጠይቁ።

በአደን ሥፍራ ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

• ከተቻለ ከፊት ለፊትዎ ያለው መሬት ባዶ አፈር ወይም ድንጋይ በሆነበት ሥፍራ ይተኩሱ።
• ከተኮሱ በኋላ እንስሳውን ከመከተልዎ በፊት ከፊትዎ ያለውን መሬት ይፈትሹ፤ የወደቀውን ጨርቅ ፈልገው ውኃ ያፍስሱበት።
• ውኃና አካፋ ከእርስዎ አይለዩ።
• ባሩድን ከእሳትና ከሲጋራ ያርቁ።
• ተሽከርካሪን በደረቅ ሣር ላይ አያቁሙ፤ የጋለው የጭስ ማውጫ ሣሩን ሊያቀጣጥል ይችላል።
• እሳት በተፈቀደበት ሥፍራ ካነደዱ ውኃ አፍስሰው ያማስሉ፤ አመዱ በእጅ ሲዳሰስ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይድገሙት።

እሳት ከተነሣ

ትንሽ ከሆነና ለራስዎ የማያሰጋ ከሆነ ወዲያውኑ ያጥፉት። ከአቅምዎ በላይ ከሆነ ወደ ደኅና ሥፍራ ይራቁና በ911 ደውለው ቦታውን ያሳውቁ። በቸልተኝነት እሳት ያስነሣ ሰው በሕግ ሊጠየቅና የማጥፊያውን ወጪ እንዲከፍል ሊደረግ ይችላል።