ካሜራ ያላየውን ፎቶግራፍ ስለ መሥራት

በዛሬው ጊዜ አንድ ሰው ራሱ ያነሣቸውን ሁለት ሦስት ፎቶግራፎች በኮምፒዩተር አጋጥሞ፣ ዛፍን በሰማይ አንሳፍፎ ወይም ቤትን በመዳፍ ላይ አቁሞ ሲያሳየን፣ ጥበቡን ኮምፒዩተር የወለደው ይመስለናል። ነገር ግን ሥራው ረዥም ታሪክ አለው፤ ከሥራው ጋራ የተወለደው ክርክርም፣ ይኸውም «ይህ ጥበብ ነው ወይስ ማታለል?» የሚለው፣ እስከ ዛሬ አልበረደም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የስዊድን ተወላጅ የሆነው ኦስካር ሬይላንደር በእንግሊዝ አገር ሲኖር በ1857 «ሁለቱ የሕይወት መንገዶች» የተባለውን ሥራ አቀረበ። በዚህ ሥዕል ከሁለት ወጣቶች አንደኛው ወደ ሥራና ወደ ጸሎት፣ ሌላው ወደ ቁማርና ወደ ፈንጠዝያ ሲያዘነብል ይታያል። ያን ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ በካሜራ ፊት ማቆም ስላልተቻለ፣ ሬይላንደር በትንንሽ ቡድን እየለየ አነሣቸውና ከ30 የሚበልጡ ኔጌቲቮችን አንድ በአንድ አተመ፤ አንዱን ሲያትም የቀረውን ወረቀት ይሸፍን ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ አንድ ቅጂ ገዙ። በስኮትላንድ ግን በሥዕሉ ስላሉት ራቁት ሴቶች ብዙ ጭቅጭቅ ተነሣ።

በ1858 ሄንሪ ፒች ሮቢንሰን ከአምስት ኔጌቲቮች አንዲት በሞት አፋፍ ያለች ልጃገረድና ያዘኑ ቤተ ሰቦቿን የሚያሳይ ሥዕል አወጣ። ብዙ ተመልካቾች ተቆጡ። ሠዓሊ ይህንኑ በቀለም ቢሥለው ኖሮ የሚቆጣ ባልተገኘ ነበር፤ ፎቶግራፍ በመሆኑ ግን ያየው ሁሉ «ይህ በእርግጥ ሆኗል» ብሎ አምኖ ነበር። እንደ እኔ አስተያየት የክርክሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። የኔጌቲቩ ብዛት ሰውን አላስከፋም፤ ያስከፋው ሥዕሉ የሰጠውን ተስፋ ማፍረሱ ነው።

አሜሪካዊው ጄሪ ዩልስማን (1934–2022) ያን ተስፋ ከመጀመሪያው አልሰጠም። ከ1960 ጀምሮ በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፣ በጨለማ ክፍሉ ብዙ የፎቶግራፍ ማጉያ መሣሪያዎችን ደርድሮ በእያንዳንዱ ውስጥ ልዩ ልዩ ኔጌቲቭ ያስገባ ነበር። አንዱን ወረቀት ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ እያዛወረ፣ ጥላው ከብርሃኑ የሚጋጠምበትን ድንበር በእጁ እየከለለ ያትማል። አንድ ስሕተት ከተገኘ እንደገና በባዶ ወረቀት ይጀመራል። በዘመኑ የነበሩት ታላላቅ ፎቶግራፍ አንሺዎች ሥዕሉ ካሜራው ከመከፈቱ በፊት በአእምሮ ተጠናቆ መታየት አለበት ይሉ ነበር። እርሱ ግን ዋናው ሐሳብ ከዚያ በኋላ በጨለማው ክፍልም ሊወለድ ይችላል ብሎ ተከራከረ። በ1967 የኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሥራዎቹን ለብቻቸው አሳየለት። ሥሩን አንጠልጥሎ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ዛፍ ያየ ሰው ተታለልሁ አይልም፤ ስለዚህ በእኔ ግምት የዩልስማን ሕልም ከሮቢንሰን ለቅሶ ይልቅ እውነተኛ ነው።

ፎቶሾፕ የተባለው ፕሮግራም በ1990 ለገበያ ወጣ፤ በ1994 ደግሞ ሥዕሎችን እንደ ብርጭቆ አንዱን በሌላው ላይ መደራረብ አስቻለ። የማጉያዎቹ ሰልፍ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተጠቃለለ ማለት ነው፤ ስሕተትም መመለሻ አገኘ። የሚያስገርመው፣ በዚያን ጊዜ የዩልስማን ባለቤት የነበረችው ማጊ ቴይለር ወደ ኮምፒዩተር ስትዞር፣ እርሱ ጨለማ ክፍሉን አለመተዉ ነው።

በራስ ፎቶግራፍ መሥራት ከጋዜጣ ቆርጦ ከመለጠፍ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ያነሣው ሰው ፀሐይዋ በየት በኩል እንደ ነበረች ያውቃል። ዩልስማን ድንጋይና ሥር፣ እጅና ደመና እያነሣ ያከማች ነበር፤ የትኛው ከየትኛው ጋራ እንደሚጋባ የሚገለጥለት ትንንሾቹን ቅጂዎች በጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሲመረምር ነው።