የሐረሪ ብሔራዊ ሊግና የቅጽሩ ፖለቲካ

በሐረር ስለ ወግ አጥባቂ ፖለቲካ ሊጽፍ የሚነሣ ሰው ከፓርቲ መርሐ ግብር ይልቅ ከጀጎል ቢጀምር ይቀናዋል፤ አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን ያሳነፁት ቅጽር፣ ከአምስቱ ጥንታዊ በሮቹ ጋር፣ በየዘመኑ የተነሡት የከተማዪቱ መሪዎች የተከራከሩለት ነገር መጠሪያና ወሰን ሆኖ ኖሯልና። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሥልጣን የያዘው የሐረሪ ብሔራዊ ሊግም ርእዮተ ዓለሙን ሲለዋውጥ ይህን ነገር ከቶ አልለወጠም፤ ነገሩም ጥቂቱ ውሉደ ሀገር በገዛ ከተማው መንበር እንዳያጣ ማድረግ ነበረ።

መንበሩ በ17ኛው መቶ ዘመን ዓሊ ኢብን ዳውድ ባቋቋሙት የአሚሮች ሥርወ መንግሥት ዘመን በነጋሢነትና በሸሪዓ ይጸና ነበር። ግብፆች ከተማዪቱን ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ያዟት፤ እነርሱ ከወጡ በኋላ አሚር ዓብዱላሂ መንበሩን ቢያቆሙም፣ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ በንጉሥ ምኒልክ ሠራዊት ድል ተነሡ። ወደ ነባር ሐረሪ ቤት የገባ እንግዳ ይህን ታሪክ በወለሉ ላይ ያያል፤ ነደባ የተባሉት ከፍ ከፍ ያሉት መደቦችና ወለሉ በቀይ አፈር የሚለቀለቁት የጨለንቆን ደም ለማሰብ ነው ይባላልና፤ ከመደቦቹም አንዱ፣ አሚር ነደባ የሚባለው፣ ለቤቱ ጌታ ብቻ የተለየ ነው። ወለሉ ከጨለንቆ በፊትም ቀይ ኖሮ ሊሆን ይችላል፤ ለእኔ ግን ሰዎች ቀለሙን ለዚያ ቀን መስጠታቸው ይበቃኛል።

በ1940 ዓ.ም. የዚያ መንበር ጥያቄ በማኅበር ስም ተመለሰ። ኩሉብ የተባለው እንቅስቃሴና ወጠኒ የተባለው እስላማዊ ማኅበር ከሶማሌ ወጣቶች ሊግ ጋር ተባብረው፣ የአራቱ ኃያላን መንግሥታት መርማሪ ልዑካን ሞቃዲሾ በነበሩበት ጊዜ መልእክተኞቻቸውን ወደዚያ ላኩ። አባቶቻቸው ለአሚር የተሟገቱላት ከተማ ልጆች ሶማሌን አጋር ማድረጋቸው ለወግ አጥባቂነት የማይስማማ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ብቻዋን መቆም የማትችል ትንሽ ከተማ ታላቅ ጎረቤት መፈለጓ የሚያስነቅፍ አይደለም። መንግሥት ግን ነገሩን እንደ ክህደት ቆጠረው፤ ብዙዎች ታሰሩ፣ ንብረታቸውም ተወረሰ፣ ሌሎችም ወደ አዲስ አበባና ወደ ድሬዳዋ ተሰደዱ። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ ከቅጽሩ ውጭ የነበረው እርሻና አትክልት ከባለቤቶቹ እጅ ወጣ። በዚህ ሁሉ መካከል ወጉን ያቆየው አፎቻ ነው፤ በሠርግና በሐዘን የሚሰበሰበው፣ ወንዱም ሴቱም በየራሱ የሚገባበት ይህ ማኅበር ፖለቲካ ሳይል ሐረሪን በስደት አገር ሳይቀር አንድ አድርጎ ያዘ።

በ1983 ዓ.ም. ብሔር ብሔረሰቦች የሚባል ዘመን ሲመጣ ሊጉ የቆየውን ጥያቄ በአዲስ ልሳን ተናገረ። የነጋዴና የባለርስት ልጆች ከኢሕአዴግ ጋር በአጋርነት ተሰልፈው ስለ አብዮታዊ ዴሞክራሲ ማስተማራቸው ለታዛቢ ፈገግታን የሚያጭር ነው፤ ዋናው ነገር ግን ከትምህርቱ ይልቅ የክልሉ ሕገ መንግሥት ነበር። ባለ 36 መቀመጫው ምክር ቤት በሁለት ተከፍሎ 14ቱ ለሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ፣ 22ቱ ለሕዝብ ተወካዮች ሆኑ፤ ለጉባኤው ከክልሉ ውጭ የሚኖር ሐረሪ ሳይቀር ይመርጣል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ክልሉ 183,415 ነዋሪ ነበረው፤ ከእነዚህም ሐረሪዎች ከመቶ 9 እንኳ አልሞሉም፣ ኦሮሞዎች ግን ከግማሽ በላይ ነበሩ። በዚህ ስሌት የሚገዛ ፓርቲ የብዙኃን ድምፅ ብቻ ይፍረድ ማለት አይችልም፤ ስለዚህም ወግ አጥባቂነቱ ከወግ ወደ ሕግ አንቀጽ ተሸጋገረ። ይህ ለሌላው ነዋሪ መራራ መሆኑን መካድ አይገባም፤ በሕዝብ ቁጥር ካየነው ፍትሐዊነቱ ያጠያይቃል፣ በቅጽሩ ታሪክ ካየነው ግን ምክንያት አለው።

ከዚያም በ2012 ዓ.ም. ሊጉ ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ ብልጽግና ፓርቲ ሆነ፤ ክልሉን የሚመሩት አቶ ኦርዲን በድሪም በዚያው መንበራቸው ቀጠሉ። በአንድ አገራዊ ፓርቲ ውስጥ የአንድ ብሔር ስም ጠፋ፤ ርእዮቱም ከብሔር ወደ መደመር ተለወጠ። ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ ምርጫ ቦርድ ከክልሉ ውጭ ያሉት ሐረሪዎች ለጉባኤው አይመርጡም ብሎ ሲወስን፣ የክልሉ ምክር ቤት ነገሩን በ2013 ዓ.ም. ወደ ፍርድ ቤት ወስዶ፣ የመደመርን ትምህርት ወደ ጎን ትቶ፣ በ14ቱ መቀመጫዎች ብቻ ተሟገተ፤ ፍርዱም ለእርሱ ተፈረደ።