አሥር ሠራተኞችና አንድ ቅጥር ተጫዋች፦ የላንካሺር ክሪኬት ሊግ ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ «አማተር» የሚለውን ቃል ይመረምራል። በእንግሊዝ ክሪኬት ይህ ቃል ያለ ደመወዝ መጫወትን ብቻ ሳይሆን መደብንም ያመለክት ነበር። በካውንቲ፣ ማለትም በአውራጃ ቡድኖች፣ አማተር የሚባለው የጨዋ ልጅ ሲሆን ደመወዝተኛው ዝቅ ብሎ ይታይ ነበር፤ በብዙ ሜዳዎች የሁለቱ ልብስ መቀየሪያ ክፍልና መግቢያ በር እንኳ የተለያየ ነበር። ልዩነቱ በይፋ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው።

በላንካሺር የጥጥ ፋብሪካ ከተሞች ግን የቃሉ ትርጉም ተገለበጠ። እ.ኤ.አ. በ1892 የተመሠረተው የላንካሺር ሊግ ኔልሰንን፣ በርንሊን፣ አክሪንግተንን፣ ባከፕንና ሃስሊንግደንን የመሰሉ ከተሞች ክለቦችን ያቀፈ ነበር። ለዚህ መንገድ ከጠረጉት ነገሮች አንዱ የሥራ ሰዓት ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. የ1850 የፋብሪካ ሕግ የሴቶችና የወጣቶች ሥራ ቅዳሜ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እንዲያበቃ ደነገገ፤ የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዕረፍትም እየተስፋፋ ሄደ። የካውንቲ ግጥሚያ ሦስት ቀን ሲፈጅ የሊጉ ግጥሚያ በአንድ ከሰዓት ይጠናቀቅ ስለነበር፣ ሠራተኛው ደመወዙ ሳይቀነስበት መጫወት ቻለ።

እንደ ሊጉ ደንብ እያንዳንዱ ክለብ ከአሥራ አንዱ ተጫዋቾች አንዱን ብቻ በደመወዝ ያሰልፍ ነበር። ስለዚህ በዚህ ሜዳ አማተሩ የሳምንት ደመወዝ አዳሪ ሲሆን፣ ከሁሉ የላቀ ገቢ ያለው ያ አንድ ቅጥር ተጫዋች ነበር። አማተሩም ቢሆን ከገንዘብ ፈጽሞ የራቀ አልነበረም፤ 50 ሩጫ ሲያስቆጥር በተመልካቹ መካከል መዋጮ ይሰበሰብለት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1929 የኔልሰን ክለብ የትሪኒዳዱን ሊሪ ኮንስታንታይን ቀጠረ። እስከ 1937 ባሉት ዘጠኝ የውድድር ዓመታት ኔልሰን ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1932 ጸሐፊው ሲ. ኤል. አር. ጄምስ ከትሪኒዳድ መጥቶ በኮንስታንታይን ቤት ተቀመጠ፤ ይኸው ሰው ነው በ1935 በለንደን የአቢሲኒያ ወዳጆች ማኅበርን በሊቀመንበርነት መርቶ የፋሺስት ኢጣሊያን ወረራ የተቃወመው። ከኮንስታንታይን በኋላም የጃማይካው ጆርጅ ሄድሊ በ1934 ለሃስሊንግደን፣ የባርቤዶሱ ኤቨርተን ዊክስ በ1949 ለባከፕ ተሰለፉ።

ይሁን እንጂ ይህን የመቻቻል ገድል አድርጎ መተረክ ስሕተት ነው። በሩ የተከፈተው ለአንድ ሰው፣ ያውም በችሎታው አቻ ለሌለው ብቻ ነበር። ኔልሰን ያከበረችውን ይህን ሰው በ1943 አንድ የለንደን ሆቴል ከነቤተሰቡ በቆዳው ቀለም ምክንያት አላስተናግድም አለው፤ ኮንስታንታይንም ከሶ በ1944 ረታ።

በ1969 የባሮንነት ማዕረግ ሲሰጠው፣ በማዕረግ ስሙ ውስጥ ከትሪኒዳዷ ማራቫል ጎን ኔልሰንም ተጠቅሳለች። ከተማዪቱ በዚያ ስም ውስጥ የገባችው ሸማኔዎቿ ከመዋጮና ከመግቢያ ዋጋ ባጠራቀሙት ሳንቲም አንድ ተጫዋች ስለ ቀጠሩ ነው። የአማተር ክለብን ታሪክ ስንጽፍ እንግዲህ ከዋንጫው ዝርዝር አስቀድመን የሒሳብ መዝገቡን እንግለጥ።