የተማረ በደለኛ

በደል የሠራ ሰው በፊቱ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው በደሉን ሸሽጎ መኖር ነው፤ የተሸሸገ በደል ግን ከቀን ወደ ቀን እየከበደ ይሄዳል። ሁለተኛው በእግዚአብሔርና በሰው ፊት ተናዝዞ ሸክሙን ማውረድ ነው። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለሥጋ ደዌ ብቻ አይደለም። ለዚህ የእንግሊዛዊው የጆን ኒውተን ታሪክ ምስክር ይሆነናል። ዓመታቱ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኒውተን በ1725 ዓ.ም. በለንደን ተወለደ። እናቱ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ሞተችበት። አባቱ የመርከብ አዛዥ ስለ ነበረ እርሱም ከልጅነቱ ጀምሮ በባሕር ላይ ኖረ፤ በጐለመሰም ጊዜ በእግዚአብሔር ስም የሚዘብት መርከበኛ ሆነ። በመጋቢት ወር 1748 ዓ.ም. የተሳፈረባትን መርከብ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ማዕበል ሰበራት። ያ ዘባች ሰው ውሃውን ከመርከቧ እየቀዳ ሲያፈስ ሳያስበው የእግዚአብሔርን ምሕረት ለመነ። ከሞትም ተረፈ፤ ያንንም ቀን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ሲያስበው ኖረ።

ነገር ግን፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ታሪኩ በዚህ አያልቅም። ኒውተን ካመነ በኋላ ከ1750 እስከ 1754 ዓ.ም. የባሪያ ንግድ መርከብ አዛዥ ሆኖ ሦስት ጊዜ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ተጓዘ። በመርከቡ ላይ ለመርከበኞቹ ጸሎት ይመራ ነበር፤ ከእግሩ በታች ግን ከአገራቸው የተነጠቁ ሰዎች በሰንሰለት ታስረው ይማቅቁ ነበር። ባሕሩንም የተወው ሕሊናው ወቅሶት ሳይሆን ድንገት ታሞ ነው። በ1764 ዓ.ም. ቄስ ሆነ። ስለ እግዚአብሔር ጸጋ የደረሰው መዝሙርም እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይዘመራል። ሆኖም ያን ንግድ በአደባባይ ለማውገዝ አንደበቱ ሳይከፈት ብዙ ዘመን አለፈ።

ሥራውን ከተወ ከ34 ዓመት በኋላ፣ በ1788 ዓ.ም. ስለ ባሪያ ንግድ መጽሐፍ አሳተመ። በዓይኑ ያየውን ግፍ ገለጠ፤ የግፉም ተካፋይ እንደ ነበረ፣ ኑዛዜውም እንደ ዘገየ አልሸሸገም። በእንግሊዝ ምክር ቤት ፊትም ቀርቦ መሰከረ። ንግዱን ለማስቀረት የታገለው ዊልበርፎርስ የተባለው እንደራሴም ምክሩን ይሻ ነበር። ንግዱን የሚከለክለው ሕግ በ1807 ዓ.ም. ወጣ፤ ኒውተንም በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ዐረፈ።

ይህን ድፍረት ከወዴት አገኘው? ምሕረትን ያላገኘ ሰው ስሙን ለማዳን ሲል ምክንያት ይደረድራል፤ በክርስቶስ እንደ ተማረ ያመነ ግን ለራሱ ጠበቃ መቆም አያስፈልገውም፤ ስለዚህ እውነቱን ለመናገር ነጻ ነው። ቢሆንም ይቅርታ መርሳት አይደለም። የኒውተን ዕንባ ለተሸጡት ሰዎች ነጻነታቸውን አልመለሰላቸውም። ዘኬዎስም ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ እንጂ በመደሰት ብቻ አላበቃም።

እንግዲህ የበደልከው ሰው ካለ ዛሬውኑ ወደ እርሱ ሂድ። የወሰድከውን መልስ፤ የዋሸኸውን አቅና። ኒውተን 34 ዓመት ዘገየ፤ የእርሱ መዘግየት ለአንተ ትምህርት ይሁንህ።