የጭስ ማኒፎልድ ሙቀት መጠቅለያ

የጭስ ማኒፎልድ ሙቀት መጠቅለያ ከመስታወት ወይም ከባዛልት ክር የተሸመነ ጥብጣብ ነው። ከሲሊንደሮች የሚወጣውን ጭስ ተቀብሎ ወደ ማርሚታ በሚያሻግረው ቱቦ ላይ ተጠምጥሞ ሙቀቱ ኮፈን ሥር እንዳይሰራጭ ይገታል።

ጥቅሙ፦ ለኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነው ምሳሌ ላዳ ነው። በፊያት 124 መነሻነት ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተመረተው በዚህ መኪና፣ ካርቡሬተሩ ከጭስ ማኒፎልዱ በላይ በዚያው ጎን ስለሚገኝ ሙቀቱ ይደርሰዋል፤ መጠቅለያው ይህን ሙቀት ይቀንሳል። በከፍታ ቦታ ችግሩ ይብሳል፦ ለምሳሌ ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል የአየር ግፊቷ ዝቅ ያለ ነው፤ ቤንዚንም በቶሎ ይተናል። በቀትር ተነድቶ የቆመ አሮጌ መኪና አልነሳ ሲል፣ ሾፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ የቤንዚን ፓምፑን በእርጥብ ጨርቅ የሚያቀዘቅዘው በሙቀት የተነነው ቤንዚን ፍሰቱን ስለሚያቋርጥ ነው።

ጉዳቱ፦ መጠቅለያው ሙቀቱን አያጠፋውም፤ ብረቱ ውስጥ ያምቀዋል። በዝናብና በእጥበት የገባ እርጥበት ከሥሩ ተደብቆ ስስ ቱቦን ያዝጋል፤ ስንጥቅም ከዓይን ይሰወራል። ከሞተሩ የሚያንጠባጥብ ዘይት ከጠጣ ደግሞ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

አመራረጥ፦ ከፋብሪካው የመጣ ወፍራም ማኒፎልድ ባይጠቀለል ይሻላል፤ ምትኩ በቀላሉ አይገኝምና። በቅድሚያ በካርቡሬተሩ ሥር ያለው የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮና ሙቀት የማያስተላልፈው ማራራቂያ በቦታቸው መኖራቸው ይረጋገጥ። እነዚህ በጥገና ወቅት ወልቀው ከቀሩ የሙቀቱ ችግር ሊጀምር ይችላል።