«ስቴፋኖስ»፦ አክሊልና ዘውድ በሐይቅ

አንባቢ ሆይ፣ «ሐይቅ እስጢፋኖስ» ስንል ሳናስተውል የግሪክ ቃል እንጠራለን። «ስቴፋኖስ» አክሊል ማለት ነው። ግሪኮች ከቅጠል ጎንጉነው በሩጫ ላሸነፈ ሰው ይደፉለት ነበር፤ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮ. 9፥25 የሚጠፋ ያለው ይህንኑ ነው። ለንጉሥ ዘውድ ግሪክኛው «ዲያዴማ» የሚል ሌላ ቃል አለው (ራእ. 19፥12)። ልዩነቱ ግን ጥብቅ አይደለም፤ የሰባ ሊቃናት ትርጉም በ2ኛ ሳሙ. 12፥30 የንጉሥን ዘውድ «ስቴፋኖስ» ይለዋል። ስለዚህ ትርጉሙን የሚወስነው ዐውዱ ነው።

በሐይቅ አክሊልና ዘውድ ተገናኝተዋል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገዳሙን ያደራጁት አባ ኢየሱስ ሞአ (ስማቸው «ኢየሱስ አሸነፈ» ማለት ነው) ይኵኖ አምላክ በ1270 እ.ኤ.አ. ዙፋን እንዲይዝ እንደ ረዱ በትውፊት ይነገራል። የገዳሙ አበምኔትም «ዐቃቤ ሰዓት» ተብሎ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን ነበረው።

ገዳሙ በስሙ የተጠራለት እስጢፋኖስ ግን በሸንጎ ፊት መስክሮ፣ ከከተማ ውጭ በድንጋይ ተወገረ (ሐዋ. 7)። በራእ. 2፥10 የሕይወት አክሊል ተስፋ የተሰጠው እስከ ሞት ለታመነ ነው፤ ጌታም የደፋው የእሾህ «ስቴፋኖስ» ነበር (ዮሐ. 19፥2)። እኛስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሥልጣን ስትቀርብ የምንመኝላት የትኛውን ነው?