መንግሥትን አገልግለው ገበሬን ያልረሱ፤ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ



ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደ ቡሬ የሚሄድ መንገደኛ ብዙ ሳይርቅ ማንኩሳ ከምትባል ከተማ ይደርሳል። አገሩ የዳሞት ምድር፥ ሕዝቡም በእርሻ የሚኖር ገበሬ ነው። ይህችን ማንኩሳን አይቷት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ እንኳ በስም እንዲያውቃት ያደረጉት ሰው፥ ዛሬ ታሪካቸውን የምናነሣው ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም፥ በጎዛምን ወረዳ፥ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ከአንድ ቄስ ቤት ተወለዱ። በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክህነትን ትምህርትና ቅኔን ተማሩ። ከዚያም አዲስ አበባ ወጥተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ዘመናዊውን ዕውቀት ጨመሩበት። ወደ ትውልድ አገራቸው ሲመለሱ በዳንግላ የጉምሩክ ጸሐፊ፥ በደብረ ማርቆስም የትምህርት ቤት ሹም ሆኑ። የቀረጥ መዝገብ የያዘ ሰው የነጋዴውንና የባላገሩን ችግር ከሌላው ይልቅ በቅርብ የሚያይ ስለ ሆነ፥ ይህ የወጣትነት ሥራ ትንሽ መስሎ ቢታይም ትልቅ ትምህርት ቤት ነበር።

ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ሐዲስ ከልዑል ራስ እምሩ ጋራ ወደ ሽሬ ጦር ግንባር ዘመቱ። ከሽሬ መፈታት በኋላም ልዑል ራስ እምሩን ተከትለው እስከ ደቡብ ምዕራብ ድረስ ሄዱ፤ በ1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተይዘው ወደ ኢጣልያ ተጋዙ። በየካቲት 1933 ዓ.ም. የጎጃም አርበኞችና ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር በቡሬ ምሽግ የተቀመጠውን ጠላት አስጨንቀው ወደ ደብረ ማርቆስ ሲገፉት፥ እርሳቸው በባዕድ አገር እስረኛ ነበሩ። የነጻነትን ብሥራት በአገራቸው ምድር ላይ ቆመው ለመስማት አልታደሉም።

ከእስራት ሲፈቱ ግን ወደ ሥራ ገቡ። በኢየሩሳሌም ቆንስል፥ በተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያ መልእክተኛ፥ የትምህርት ሚኒስትር፥ በእንግሊዝ አገር አምባሳደር፥ የልማትና ፕላን ሚኒስትር፥ በኋላም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆነው አገለገሉ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ማዕረግ ላይ የደረሰ ሰው ብዙ ጊዜ የመጣበትን መንገድ ይረሳል። ሐዲስ ግን አልረሱም። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን መጽሐፍ ሲያሳትሙ፥ ታሪኩን የጀመሩት ከማንኩሳ ድኻ ገበሬ ቤት ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ ከልማድ ውጭ የሆነ ግብር በባላገሩ ላይ ይጭናሉ፤ ባላገሩም በአበጀ በለው መሪነት እምቢ ይላል። ጉዱ ካሣ የተባለውም ሰው የተሠራበት ሥርዓት መታደስ እንደሚገባው ሳይፈራ ይናገራል፤ ሰዎች ግን እንደ እብድ ይቈጥሩታል።

ልብ በሉ፤ ይህን የጻፈው የመንግሥት ጠላት አልነበረም፤ የመንግሥት ታላቅ ሹም ነበር። ሁለት ዓመት ቈይቶ በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ፥ የሞጣ፥ የቢቸናና የዳሞት ገበሬዎች በእውነት ተነሡ። መንግሥትም በመጀመሪያ ጦርና አውሮፕላን ላከ፤ በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥውን አንሥቶ፥ ውዝፉን ግብር ምሮ ነገሩን አበረደው። በመጽሐፍ የተነገረው አቤቱታ በጊዜው ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ፥ ምናልባት ያ ሁሉ ደም ባልፈሰሰ ነበር።

እርሳቸው ግን ከመምከር አልቦዘኑም። አብዮቱ በፈነዳበት በ1966 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል» የሚል መጽሐፍ አወጡ። ከዚያም «ወንጀለኛው ዳኛ»ን፥ «የልም እዣት»ንና የዘመቻና የእስራት ዘመናቸውን የሚተርከውን «ትዝታ»ን ጻፉ። የማንኩሳው ገበሬ ታሪክም በተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ፥ ፊደል ያልቈጠረው ባላገር ሳይቀር የራሱን ኑሮ በጆሮው ሰማ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። ኅዳር 26 ቀን 1996 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው፥ ለመንግሥት መታዘዝና ለሕዝብ መቈርቈር የማይጣሉ መሆናቸውን ነው። መንግሥትን የሚጎዳው አቤቱታውን ይዞ የመጣው ገበሬ ሳይሆን፥ አቤቱታውን ደብቆ «አገሩ ሰላም ነው» የሚለው ሹም ነው። ስለዚህ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፥ በወንበር የተቀመጠ የሕዝብ አገልጋይ ሁሉ ሩቅ መንገድ በእግሩ ተጕዞ በደጁ የቆመውን ባላገር ባየ ጊዜ፥ የዳንግላውን የጉምሩክ ጸሐፊ ያስታውስ፤ ቃሉንም ሳይቀንስ ወደሚሰማበት ያድርስለት።